ሻኛ የሌለው በሬ

በሰኔ ወር በሬውን ለገበያ የሚነዳ ገበሬ ያየ ሰው፣ በዚያ ቤት አንድ ነገር እንደ ደረሰ ይጠረጥራል። በጥር በሬ የሚሸጥ አለ፤ በመስከረምም አለ። ዝናቡ መሬቱን አለስልሶ ሰው ሁሉ ቀንበሩን በሚያጠባብቅበት በሰኔ ግን በሬውን የሚሸጥ ወይ ሐዘን የገባበት ነው፣ ወይ ልቡን የሳተ። ባለፈው ዓመት በሰኔ፣ ቅዳሜ ጧት፣ ከመንደራችን ተነሥቼ ወደ ይጁቤ ከተማ ስሄድ አያ እንዳላማው ዳልቻ በሬያቸውን በገመድ አስረው ከፊት ከፊቴ ሲነዱ አየሁና እግሬ ከመንገዱ ላይ ቀረ።

አያ እንዳላማውን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ማን እንደ ሆኑ ልናገር። በእኛ መንደርና በአካባቢው በሬ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይወጣም። እሳቸው «ይሁን» ያሉት በሬ ከስቶ፣ «ይቅር» ያሉት በሬ ወፍሮ አልታየም። ደግሞም ዳዊት ደጋሚ ናቸው። በልጅነታቸው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ ከዳዊትና ከድርሳን በቀር ሌላ ነገር አንብበው አያውቁም ነበር፤ ስለዚህም የተጻፈ ነገር ሁሉ ለእሳቸው የሚሳለሙት ነገር ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነውና።

እኔ ደመላሽ እባላለሁ። የአስረኛ ክፍል ፈተና ጥሎኝ የቀረሁ ሰው ነኝ። ይጁቤ መኪና መቆሚያው አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። ከአያ እንዳላማው ጋር ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ አንዋደድም። ውጤቴ በመጣ ሳምንት፣ በሚካኤል ጽዋ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «አሥር ዓመት ደብተር ተሸክሞ ሞፈር መያዝም ረሳ» ብለው አስቀውብኛል። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የሳቁትን ሰዎች ዛሬም አንድ በአንድ ልጠራቸው እችላለሁ።

እንግዲህ በሬውን ሲነዱ ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ነገር ርኅራኄ አልነበረም፤ የምዋሽበት ምክንያት የለኝም። ደርሼ እንደምን አደሩ አልኋቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ቤት ደኅና፣ ከብት ደኅና፣ ዝናቡ እንዴት ነው ተባባልን። ወዴት ነው ብዬ ስጠይቅ ወደ ገበያ አሉኝ። ሊሸጡት ነው ወይ ስል ገመዱን በእጃቸው ጠቀለሉ።

«እቴ ሥራነሽስ በምን ልታርስ ነው?» አልኳቸው።

ይህን የጠየቅሁበት ምክንያት አለ። እቴ ሥራነሽ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናት ጎረቤታቸው ናት። ያላት አንድ በሬ ነው፤ እሳቸውም ያላቸው አንድ በሬ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ቤቶች በእኛ አገር መቀናጆ ይገባሉ፤ በሬዎቻቸውን አጣምደው ሁለት ቀን ለአንዱ፣ ሁለት ቀን ለሌላው ያርሳሉ። የድሮ በሬዋ በሚያዝያ ገደል ገብቶ ቢሞትባት፣ ጉንደ ወይን የሚኖረው ወንድሟ እንዳለ፣ ቦራ የሚባለውን በሬ ከዚያው ገዝቶ በአይሱዙ አስጭኖ ላከላት። ዳልቻና ቦራ ተጣምደው መሬቷን ሦስት ጊዜ አርሰውላታል። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ግን ገና ሁለት እርሻ ይቀረዋል።

አያ እንዳላማው ገመዱን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና፣ «ከበሽታ ጋር በሬዬን አላጣምድም» አሉ።

ምን በሽታ ብዬ ብጠይቅ፣ ከጋቢያቸው ሥር ልጃቸው የብርጓል ከአዲስ አበባ የላከችላቸውን ስልክ አውጥተው ሰጡኝ። በቀይ ፊደል እንዲህ የሚል ተጽፎበታል፦ «ሰበር መረጃ! ጎጃም ጉድ ፈላ! ከገበያ የተገዛው በሬ የጎረቤትን በሬ በሦስት ቀን ገደለ! ይህን ሳያዩ በሬ እንዳያጣምዱ!» ከጽሑፉ ሥር አፉ አረፋ የደፈቀ በሬ አለ፤ አረፋውን ደግሞ ቀይ ቀስት ያመለክታል።

ነገሩን እየሄድን ነገሩኝ። ማክሰኞ ይህን አነበቡ። ረቡዕ ማለዳ ለእቴ ሥራነሽ ምክንያቱን ሳይነግሯት በሬያቸውን ከመቀናጆው አወጡ። ሐሙስ በጽዋው ላይ ለማኅበርተኛው ያነበቡትን ነገሩ። በዓርብ ከመንደሩ ከእሷ ጋር የሚቀናጅ ሰው ጠፋ፤ ቦራን ከወንዙ ውሃ ሳይቀር አባረሩት። አሁን ደግሞ በሽታው ወደ ዳልቻ ሳይጋባ አይቀርም ብለው ስለ ፈሩ፣ ምልክቱ ሳይወጣበት ሊሸጡት ነው።

«ታዲያ አያ፣ በሽተኛ ነው ብለው የጠረጠሩትን በሬ ለሌላ ገበሬ ሊሸጡት ነው?»

ፊታቸው ጠቆረ። በበሬ ነገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከማንም ሰው ሰምተው አያውቁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ ብለው ብቻ በሬውን ገፋ አደረጉት።

ገበያው ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ዝም ብል በሬያቸው ይሸጣል፤ ነገሩ ውሸት መሆኑ በኋላ ሲታወቅ ደግሞ አገር ይስቅባቸዋል። ያን ሳቅ እኔ ዘጠኝ ዓመት ስጠብቀው ኖሬአለሁ። ዝም ያላልሁት ለእሳቸው አዝኜ አይደለም። እቴ ሥራነሽ ከትናንት በስቲያ ሱቄ መጥታ፣ ስልኳ አልሠራ ብሏት በእኔ ስልክ ለወንድሟ ስትናገር ሰምቻት ነበር። በዚህ ሳምንት በሬ ካላገኘች መሬቷን ለየእኩል አራሽ እንደምትሰጥ ነገረችው። የእኩል ማለት ከሚመጣው እህል እኩሌታው ለአራሹ ነው። ሦስት ልጆች ላላት ሴት እኩሌታ እህል እስከ የት እንደሚያደርስ ለገበሬ አይነገርም። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ካለው ድልድይ እንቀመጥ ብዬ ለመንኋቸው። ከገበያ ልዘገይ ነው ብለው ካመነቱ በኋላ ገመዱን ለቀቅ አደረጉለትና ተቀመጡ። ዳልቻ ከቦዩ ዳር ሣሩን ይግጥ ጀመር። እኔ ሣር የሚግጥበት አኳኋን የበሽተኛ አልመሰለኝም፤ አስተያየቴን ግን ለራሴ ያዝሁ። በሬው ቢያስተምራቸው እንጂ፣ እኔ በበሬ ነገር እንዳስተምራቸው የሚፈልጉ ሰው አይደሉም።

«አያ፣ ይህን ነገር ከፍተው እስከ መጨረሻው አይተውታል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ያነበቡት ርዕሱን ነው። ውስጡንስ?»

«ልከፍተው ብል ካርድ የለውም አለኝ። ደግሞስ ከላይ ተጽፎ የለም? ውሸት ቢሆን ማን ይጽፈዋል? የሚጽፍ ሰው እግዜርን አይፈራም?»

እኔም በተቻለኝ መጠን እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። የእርስዎ ዳዊት የተጻፈው በብራና ነው። ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ጸሐፊው ወገቡ እስኪጎብጥ ለፍቶበት ነው። ያን ሁሉ ደክሞ ውሸት የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ግን በአንድ ጣት የሚጻፍ ነው። ጻፊው ስሙን አልጻፈም፣ የሚጠይቀው አለቃ የለውም፣ ብዙ ሰው በከፈተው ቁጥር ደግሞ ይጠቀማል። እርስዎ በሬዎን ቢሸጡ ባይሸጡ ግድ የለውም፤ እርስዎ ደንግጠው ጣትዎን እንዲያሳርፉበት ብቻ ነው የሚፈልግ።

ይህን ሁሉ ሰሙኝና በበትራቸው መሬቱን እየጫሩ፣ «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መምህር የሆንከው?» አሉኝ።

 ተነሥቼ ልሄድ አስቤ ነበር። ነገር ግን ጥያቄው መልስ ነበረው፤ ለማንም ተናግሬው የማላውቅ መልስ። እዚያው ተቀምጬ ነገርኋቸው።

«ከዛሬ ሦስት ዓመት ወዲህ ነው» አልሁ። «በስልኬ ላይ ‹ሰበር፦ በአስረኛ ክፍል ፈተና የወደቁ ሁሉ ሊካሱ ነው፤ ስምዎ እንዳለ አሁኑኑ ይመልከቱ› የሚል መጣልኝ። እኔም እንደ እርስዎ አልከፈትሁትም። ምን እከፍተዋለሁ? ድሮም በድለውኛል ስል የኖርሁ ነኝ። ሱቄን ዘጋሁ። የውጤት ወረቀቴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ። ስሙን ከማልጠራው መሥሪያ ቤት መስኮት ስር ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ወረቀቴን ብሰጥ፣ ልጅቱ ማን ነገረህ አለችኝ። ስልክ አልኋት። እሷ አልሳቀችም፤ ከኋላዋ ያሉት ሳቁ። አግዳሚው ላይ እንደ እኔ ወረቀት የያዙ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ። እርስ በርስ መተያየት አቃተን። ስመለስ መኪና ውስጥ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትሁት። የሚያወራው ስሙን ሰምቼው ስለማላውቀው አገር ነበር።»

አያ እንዳላማው መሬት መጫራቸውን ተዉ። «ለምን አመንከው?» አሉኝ፤ በዚህ ጊዜ በድምፃቸው ፌዝ አልነበረበትም።

«ማመን ስለ ፈለግሁ ነዋ አያ። እነዚህ ሰዎች የሰውን የቆሰለ ቦታ ያውቁታል። በእያንዳንዱ ቁስል ልክ አንድ አንድ ርዕስ ይሰፋሉ፤ አንዱ ይገጥማል። የእኔ ቁስል ፈተናው ነበር።» ቀጥሎ ያለውን እያመነታሁ ተናገርሁት። «እርስዎስ? የእቴ ሥራነሽ ወንድም እንዳለ ቦራን ከጉንደ ወይን ሲገዛ እርስዎን አልጠራም።»

 አንድ ባጃጅ በአጠገባችን አለፈ። ገበያተኞች ሰላምታ እየሰጡን አለፉ። አያ እንዳላማው ዓይናቸውን ከዳልቻ ላይ አላነሡም። ነገሩ ከልባቸው እንደ ደረሰ ያወቅሁት ስላልተቆጡ ነው። ሰው ውሸት ሲነገረው ይቆጣል፤ እውነት ሲነገረው ግን ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል።

በመጨረሻ፣ «ሳይጠሩኝ መቅረታቸው ደንቆኛል» አሉ። «ግን በሬዋን ለመጉዳት አላሰብሁም።»

አላሰቡም ብዬ መለስሁላቸው፤ እውነቴንም ነበር። ከዚያ በበሬ ነገር ጠየቅኋቸው። ገበያ ሲወጡ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ አልኋቸው። የሚያውቁትን ነገር ሲጠየቁ ወገባቸው ተቃና።

«አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ፤ ዕድሜው እዚያ ነው ያለ። ጫንቃውን እዳስሳለሁ፤ ቀንበር የለመደ ቆዳው ይናገራል። አስነድቼ አረማመዱን አያለሁ። ከዚያ ባለቤቱን ለምን ትሸጠዋለህ እለዋለሁ። እሱ የሚለኝን ከሰማሁ በኋላ ደግሞ እሱን ትቼ ጎረቤቱን እጠይቃለሁ።»

«ደላላው ሲጮህብዎስ?»

«ደላላ ሲጮህ ጆሮዬን ዘግቼ ዓይኔን እከፍታለሁ። ጥሩ በሬ ደላላ መች ይጮህለታል? በሬው ራሱ ቆሞ ይሸጥ የለም?»

«እንግዲህ ይህ ርዕስ ደላላው ነው አያ። በሬው ከውስጥ ነው ያለ። እስኪ እንደ በሬ አድርገን እንየው።»

ስልካቸውን ከእኔ ስልክ መስመር ጋር አገናኘሁና ከፈትሁት። መጀመሪያ ባለቤቱን ፈለግን። «ጉድ በል መረጃ» ከሚል ስም በቀር የሰው ስምም የአገር ስምም የለበትም። ባለቤቱ ያልታወቀ በሬ የሌባ በሬ ነው አሉ። ቀጥለን የወጣበትን ቀን አየን፤ ሰበር የተባለው መረጃ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣ ነው። ከዚያ ያወጣቸውን ሌሎች ነገሮች ወደ ታች እየወረድን አየን፤ አንዱ ጉድ ነው፣ አንዱ አስደንጋጭ ነው፣ አንዱ ከመሞትዎ በፊት ይመልከቱ ይላል። በየቀኑ ጉድ የሚፈላበት አገር ይኖራል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ፈገግ አሉ።

እኔ ስለ ቀስቱ ልነግራቸው አስቤ ነበር። ዓይናችን ቀስት ወደሚያሳየው እንጂ ወደ ሌላ እንዳያይ የሚያደርጉት እንዴት እንደ ሆነ ላስረዳ አፌን ስከፍት ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት። አስፋልኝ አሉኝ፤ ምስሉን በሁለት ጣት አሰፋሁላቸው። ጣታቸውን በበሬው ጀርባ ላይ ከጭራው እስከ ማጅራቱ አስኬዱት።

«ሻኛው የታለ?» አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ይህ በሬ ሻኛ የለውም ደመላሽ። ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። ጆሮው ላይ ቢጫ ነገር ሰክተውበታል። ይህ የጎጃም በሬ አይደለም። የኢትዮጵያ በሬም አይደለም።»

ስልኩን ከጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይህን ሥዕል ከማክሰኞ ጀምሮ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ» አሉ።

«ምኑን ነበር ያዩት?»

«ቀስቱን።»

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ቦታ ላይ እኔ ብዙ ቃል ልጨምር አልፈልግም። በሬን ከሩቅ አይተው ዕድሜውን የሚናገሩ ሰው፣ ሻኛ የሌለው በሬ አሥር ጊዜ አይተው ሻኛው መቅረቱን አላዩም። አላዋቂ ስለ ሆኑ አይደለም። ስለ ደነገጡ ነው። ድንጋጤ የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያሳውራል፤ እነዚያ ሰዎችም የሚነግዱት በዚሁ ድንጋጤ ነው።

ከዚያ ርዕሱ የሚከፍተውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አየነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስምንቱን ደቂቃ የሚያወራው ሰውዬ «ከእኛ ጋር ቆዩ፣ ላይክ አድርጉ፣ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ጉዱን አሁን እንነግራችኋለን» ሲል ፈጀው። በዘጠነኛው ደቂቃ ጉዱ መጣ። ከባሕር ማዶ በአንድ አገር አንድ ሰው ከገበያ በሬ ገዝቶ አመጣ፤ በሬው ኃይለኛ ነበርና የጎረቤቱን በሬ በቀንዱ ወጋው፤ የተወጋው በሬ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በሽታ የሚል ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አልተነሣም። ጎጃም የተነሣው በመጨረሻው ላይ ነው፤ «በሬ የሚወዱት የጎጃም ገበሬዎችም ከዚህ ይማራሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን» አለና ተሰናበተ።

አያ እንዳላማው ከት ብለው ሳቁ።  «ይህ ውሃ የጠጣ በሬ ነው» አሉኝ። ይህን ነገር ለማያውቀው ላስረዳ፤ አንዳንድ አታላይ ነጋዴ የከሳ በሬውን ለገበያ ሲያወጣ ጨው ያልሰዋል፤ በሬው ይጠማውና ውሃ ይጠጣል፤ ሆዱ ይነፋል፤ የሰባ ይመስላል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ሲያድር ሆዱ ወርዶ አጥንቱ ይቆጠራል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ እኔ ከየትም አላመጣም ነበር።

ቀጥሎ ግን ወደ ሌላ ስሕተት ሊሄዱ ሆነ። እንግዲያስ ይህ ስልክ ሁሉ ነገሩ ውሸት ከሆነ ለየብርጓል መልሼ እልክላታለሁ፣ ሁለተኛም የሰው ወሬ አልሰማም አሉ። ይህ ከመጀመሪያው አይሻልም ብዬ ተከራከርኋቸው። በገበያ ውሃ የጠጣ በሬ አለ ተብሎ ገበያ መውጣት አይቀርም። የከብት በሽታ የለም አላልሁም፤ አለ፤ ሲመጣ ደግሞ ይፈጃል። ይልቅ ስልካቸውን አገላብጬ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ መቅዲ በቀበሌው ቴሌግራም ላይ ከአሥር ቀን በፊት የጻፈችውን አሳየኋቸው። ክትባት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጎጥ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ከሥሩ ስሟንና ስልክ ቁጥሯን አድርጋ ጽፋለች። ቀስት የለውም፣ ቀይ ፊደል የለውም፣ ማንንም አያስደነግጥም። አይተውት አልፈውታል።

«ይህን ለምን አላነበብሁትም?» አሉ።

«ስላልጮኸ ነው። አይፍረዱብኝ አያ፣ እኔም አላነበብሁትም ነበር።»

በዚህ ጊዜ ከይጁቤ በኩል አንድ የበሬ ነጋዴ መጣ። ገበያው ሳይደርስ ከመንገድ የሚቀበል ዓይነት ነው። ዳልቻን ዞሮ አየው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ አባቴ ይሸጣል ወይ አለ። አያ እንዳላማው ተነሡና ገመዱን ሰበሰቡ።

«አይሸጥም» አሉ። «ሥራ አለው።»

ሱቄን ሳልከፍት አብሬአቸው ተመለስሁ። በመንገድ ላይ ለመቅዲ ደወልን፤ ከቀትር በኋላ በሞተር ሳይክል መጣች። ዳልቻን አየች፣ ቦራን አየች፣ ሙቀታቸውን ለካች። ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ቦራ ሰኮናው ውስጥ እሾኽ ገብቶበት ነበርና ነቀለችለት። የተወራውን ብትሰማ አዘነች። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ በሬውን ከማግለላችሁ በፊት ለእኔ ደውሉ፣ ከሰው በፊት እኔ ልስማ ብላ ሄደች።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። አያ እንዳላማው ነገሩ ቀስ ብሎ ይረሳል፣ በሬዬን ካጣመድሁ ሰው አይቶ ይተወዋል ብለው አሰቡ። እኔ ግን እንዲህ አልኋቸው፦ «ሐሙስ የነገሩት በጽዋ ላይ ነው፤ በአንድ ሰው ጆሮ አይደለም። በሸንጎ የወጣ ነገር በጓሮ አይመለስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አያ።»

የመጨረሻውን ቃል ስናገር ድምፄ ከልኩ አለፈ መሰለኝ፣ ቀና ብለው አዩኝ። 

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆሞ ሳለ፣ አያ እንዳላማው መስቀል ተሳልመው መሀል ገቡ። እንደ እሳቸው ያለ ሽማግሌ ተሳሳትሁ ሲል እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም፤ ስለዚህ ያሉትን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ሐሙስ ስለ ሥራነሽ በሬ የነገርኋችሁን አይቼ አይደለም የነገርኋችሁ፤ ርዕሱን አንብቤ ነው። ከፍቼ ብመለከተው በሬው የእኛ አገር በሬ አይደለም፣ በሽታም የለበትም። እኔ በበሬ ነገር የምታምኑኝ ሰው ነኝና ቃሌን ይዛችሁ በሬዋን አራቃችሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቦራ እዚያ ነው፣ ሂዱና እዩት። ሥራነሽ፣ ይቅር በዪኝ።»

እቴ ሥራነሽ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ነጠላዋን አጣፋች እንጂ ቶሎ አልመለሰችም። እውነትም ቶሎ ልትመልስ አይገባትም ነበር።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች በመጨረሻ። «ግን አያ፣ አምስት ቀን ሙሉ በደጄ ሲያልፉ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅዎ ፊትዎን አዞሩብኝ። ከእኔ ቤት እስከ እርስዎ ቤት አጥር አንድ ነው። ባሕር ማዶ ያለውን በሬ ከሚያዩ አጥሩን ተሻግረው ቦራን አያዩትም ኖሯል?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ለምን እንዳልሳቅሁ ለራሴም አልገባኝም። አያ እንዳላማው ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና፣ «የሚገባኝ ነው» አሉ። «ነገ ጧት በአንቺ እንጀምራለን። አራቱን ቀን በተከታታይ ያንቺን፤ የእኔ ይደርሳል።»

ሰኞ ማለዳ ዳልቻና ቦራ ተጠመዱ። ማኅበርተኛው ሐሙስ በሰማው ነገር አፍሮ ኖሮ፣ ያለው የሚባለው ጎረቤት ጥንድ በሬውን ይዞ መጥቶ አንድ ቀን አረሰላት። መሬቷ አምስተኛው እርሻ ደረሰው፤ ጤፉም በሐምሌ ከሰው እኩል ተዘራ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የጻፍሁት ለተማሩት አይደለም፤ የተማሩት ከእኔ የሚሰሙት ነገር የለም፣ ሰምተውም አያውቁም። የጻፍሁት እንደ አያ እንዳላማው ፊደል ለሚያከብርና እንደ እኔ ልቡ ለቆሰለ ሰው ነው። ስልክህ ላይ ያየኸው ጽሑፍ ልብህን ካፈጠነው፣ መጀመሪያ እሱን ራሱን ተጠራጠረው። እውነተኛ ወሬ ስሙን ይናገራል፣ ቀኑን ይናገራል፣ ዋናውን ነገር ከፊት ይነግርሃል እንጂ «ጉዱን ለማየት ይክፈቱ» አይልህም። ከከፈትኸውም ጨርሰው፤ ርዕሱ የገባልህን ቃል ውስጡ ፈጽሞት እንደ ሆነ አመሳክር። ሌላ ሰው ይህን ተናግሮት እንደ ሆነ ፈልግ፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው በአጠገብህ ካለ ሄደህ ጠይቀው። ያመንኸው ያሰኘህን ነገር ስለ ነገረህ ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ራስህን መርምር፤ ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ እኔ አሁንም እየተማርሁት ነው። ይህን ሁሉ ሳታደርግ ለጎረቤትህ አትንገር። ለራስህ ብቻ ብትሞኝ ጉዳቱ የአንተ ነው፤ ስትናገረው ግን የሌላ ሰው መሬት ጦም ያድራል።

ይህን የያዘ መንደር የሚያገኘውን ጥቅም አይቻለሁ። አሁን በእኛ ደጀ ሰላም «ሰበር» እያለ የሚመጣ ሰው ማን አለ፣ መቼ አለ፣ ጨርሰህ አየኸው ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ራሱ አፍሮ ይቀመጣል። ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት በአንድ ቅጠል የደም ግፊት ይጠፋል የሚል አይታ መድኃኒቷን ልታቆም ስትል፣ ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ ጠይቂ ብለው ከለከሏት፤ ዛሬም በደኅና አለች። የመቅዲን የክትባት ማስታወቂያ ደግሞ ሰዉ እርስ በርሱ ያነብበዋል።

እቴ ሥራነሽ በታኅሣሥ ጤፏን ስትወቃ በአውድማው ነበርሁ። የእኩል አራሽ የለም፤ የሚካፈል ሰው የለም። አያ እንዳላማው መንሹን ይዘው ገለባውን ያዘሩ ነበር። እህሉ ተጠርጎ ሲያልቅ አህያ ላይ ጫንንና፣ ሁሉንም፣ አንድም ሳይቀር፣ ወደ እሷ ጎተራ አስገባነው።